ቅደም ተከተሉ ነው ያልገባኝ

ያነበብኩት ጽሑፍ ጀርመን የኒውክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫዎቿን መዝጋቷን እንደ ትልቅ ድል ያወራል። ለእኔ ግን ቅደም ተከተሉ አልተዋጠልኝም። የመጨረሻዎቹ 3 የኒውክሌር ማብላያዎች እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ሲጠፉ ገና መሥራት ይችሉ ነበር። ከከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ግን በሕግ እስከ 2038 ሊቆይ ይችላል። ጭስ የሌለው ቀድሞ ወጥቶ የሚያጨሰው ይቆያል እንዴ?

እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን የፉኩሺማ ኒውክሌር ማመንጫ የደረሰው አደጋ የፈጠረው ድንጋጤ ይገባኛል። የቆሻሻው ነገርም ቀልድ አይደለም፤ ጀርመን ከፍተኛ ጨረር ላለው የኒውክሌር ቆሻሻ እስካሁን ቋሚ መቅበሪያ የላትም። (ማብላያው ስለተዘጋ ግን ያለው ቆሻሻ የትም አይሄድም።) በ2023 ከከሰል የሚመነጨው ኤሌክትሪክ መቀነሱንም አልክድም። ነፋስና ፀሐይ ጥሩ ሠርተዋል። ግን እነዚያ 3ቱ ቢቆዩ ኖሮ ከሰሉ ከዚያም በላይ በቀነሰ ነበር።