«ሲደርስ ይታያል» ላሉ ጀግኖች

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከአቃቂ ወንዝ ዳር የጎመንና የቆስጣ መደብ እስከ ሰበታና ሱሉልታ ጓሮ ድረስ፣ ሐውልት ሊቆምላቸው ሲገባ እስካሁን የተረሱ ሰዎች አሉ። ሰኔ ገብቶ መስኖው ሲያበቃ የውኃ መሳቢያ ሞተራቸውን ከነቤንዚኑ፣ ከነጭቃውና ከነቱቦው ከአጥሩ ጥግ ጥለው «ሲደርስ ይታያል» የሚሉትን ማለታችን ነው። ክረምቱ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ሲቆጠር 95 ቀን ይሆናል። ይህን ሁሉ ቀን አንድ ቡሎን እንኳ ሳይነኩ መቆየት ቀላል ጽናት እንዳይመስላችሁ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አያቶቻችን ይህን ያሉት ሞተር ስላልነበራቸው ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው በቤንዚን ላይ ያላቸው እምነት ነው። ቤንዚን እንደ ጠጅ ሲቆይ የሚጥም ይመስላቸዋል። ቤንዚኑ ግን ሲቆይ ቶሎ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ይተንና የቀረው ከአየር ጋር ተዋህዶ ወደ ሙጫነት ይሄዳል። ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ የተረሳ ቤንዚን በ30 ቀን ውስጥ እንኳ ጣጣ ሊያመጣ እንደሚችል አምራቾቹ በመመሪያቸው ጽፈዋል፤ መመሪያው ግን ከካርቶኑ ጋር ለእሳት ማቀጣጠያ ስለዋለ እኛን አይመለከትም። ሙጫው ካርቡሬተሩ ሥር ባለችው ጽዋ ይረጋና ከአንድ ሚሊ ሜትር የምትጠበውን የነሐስ ቀዳዳ ይደፍናል። ቤንዚኑ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ተገዝቶ ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ምርቃት አለው፦ ሞተሩ ለመነሳት ይለመናል፣ ተለምኖ ሲነሳም ሰፈሩን ያጥናል።

ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጠርቶ የጎመኑ ቅጠል መጠውለግ ሲጀምር በዓሉ ይከፈታል። ገመዱ ይሳባል፤ ዝም። ይሳባል፤ ዝም። ጉልበተኛ ጎረቤት ተጠርቶ ይስባል፤ ይሄኔ ገመዱ ይበጠሳል። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ተፈትቶ በሱሪ ይጠረግና ይመለሳል፤ ይህ ሕክምና በየዓመቱ ይሰጣል፣ በየዓመቱም አይሠራም። ከዚያ ወደ መካኒክ። እዚያ የሚደረገው ውይይት ለትውልድ መቀመጥ ያለበት ነው፦

«ጋሼ፣ ቤንዚኑ መቼ የተቀዳ ነው?»

«አዲስ ነው እኮ! ሰኔ ላይ ነው የሞላሁት።»

«ዘይቱስ?»

«እሱ ምንም አልሆነ። ስገዛው ያደረጉልኝ ነው፣ እስካሁን አለ።»

አለ፣ በእርግጥ አለ። ብዙ ሰው የሚይዘው ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበት ሞተር የሚጠጣው ዘይት 0.6 ሊትር ብቻ ነው። የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ የተፋቀው የብረት ብናኝም ሆነ ጥላሸቱ መሄጃ ስለሌለው እዚያው ይዞራል። አዲስ ሞተር ከመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ዘይት ይቀየርለት ቢባልም፣ የመጀመሪያውን ዘይት እንደ መታሰቢያ ማኖር የተሻለ ነው። አሮጌው ዘይት አሲድና እርጥበት አዝሎ ክረምቱን ሙሉ ውስጡን ሲበላ ቢከርም፣ ሥራ ፈት ሆኖ ከመቀመጥ ይሻለዋል።

የከፍታውንም ነገር እናንሳ። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እንደ አዲስ አበባ ባለ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ ገና ከሱቅ ሳይወጣ ተሰናብቷል ማለት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሚቀርበው ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላውም ቶሎ በጥላሸት ይጠቁራል። ሩቡን ተፈጥሮ ከወሰደች፣ የቀረውን የአየር ማጣሪያውን በአቧራ በመድፈን እኛ ብንወስደው ምን ነውር አለው?

የፓምፑ ወገን ደግሞ የራሱ ባለሙያዎች አሉት። ወንዝ ከመውረዳቸው በፊት «እስቲ ይነሳ እንደሆነ» ብለው ግቢ ውስጥ ያለ ውኃ የሚያስነሱት ናቸው። ከሞተሩ ወደ ፓምፑ በሚገባው ዘንግ ላይ ያለው የውኃ ማገጃ የሚቀዘቅዘው በሚስበው ውኃ ነው። በደረቁ ሲሽከረከር በአጭር ጊዜ ይቃጠላል፤ ከዚያ ወዲያ ፓምፑ ከሥሩ እያፈሰሰ፣ በተቃጠለው ማገጃ በኩል አየር እየሳበ ውኃ እምቢ ይላል። ባለቤቱም ወንዙ ቀንሷል ብሎ ይደመድማል።

ይህን ባህል የሚያጠፉ ጥቂት ሰዎች በየሰፈሩ መኖራቸው ግን ያሳስባል። ሰኔ ላይ ፓምፑን በንጹሕ ውኃ አስነስተው አሸዋውን ያጥባሉ፣ ከዚያ የታችኛውን መክደኛ ከፍተው የቀረውን ያፈሳሉ። ሞተሩ ገና ሞቅ እንዳለ አሮጌውን ዘይት አውጥተው 10 ደብልዩ 30 የሚባለውን የሞተር ዘይት 0.6 ሊትር ይሞላሉ። ጋኑን ወደ ጀሪካን ገልብጠው ቤንዚኑን ለሞተር ሳይክል ይሰጣሉ፤ እሱም አልበቃ ብሏቸው የካርቡሬተሩን የታች ቡሎን በ10 ቁልፍ ፈትተው ጽዋዋን ያደርቃሉ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በሳሙና አጥበው፣ አድርቀው፣ ጥቂት ዘይት አስነክተው ይጨምቁታል። ካንዴላውን አውጥተው በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይጨምራሉ፣ ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ይስባሉ፣ የካንዴላውን ጫፍ ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር አድርገው ይመልሱታል።

የመጨረሻው ድርጊታቸው ከሁሉም ያሳፍራል። ገመዱን ቀስ ብለው እየሳቡ፣ ጠጠር ያለበት ቦታ ሲደርሱ ይተዉታል። እዚያ ላይ ሁለቱም ቫልቮች፣ የመግቢያውም የመውጫውም በር፣ ስለሚዘጉ የክረምቱ እርጥብ አየር ወደ ሲሊንደሩ መግቢያ ያጣል። ከዚያ ሞተሩን ከመሬት ከፍ አድርገው ጣውላ ላይ፣ ከምድጃ ርቆ ያስቀምጡታል። ቱቦውንም ጠቅልለው ይሰቅላሉ። ለአይጥ ምን ተረፈ?

ስለ ዶማውና አካፋው ብዙ አንልም፤ ዋልካው እንደተጣበቀበት ማደሩ በቂ ክብር ነው። ጥቁር አፈር ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ዝገቱን ሌት ተቀን ያለ ደመወዝ ይሠራል። እነዚያ ባህል አጥፊዎች ግን በሽቦ ብሩሽ ፍቀው፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን በሞረድ ስለው፣ ብረቱን ዘይት ይቀቡታል። እጀታውን ደግሞ በጥሬ የተልባ ዘይት ያሹታል፤ የተልባ ዘይት እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ የምግብ ፓልም ዘይት ግን ሳይደርቅ እንደወዛ ይቀራል። የቀቡበትን ጨርቅ እንኳ ዘርግተው ነው የሚያደርቁት፤ ተከምሮ ከተተወ በራሱ ጊዜ ግሎ ሊነድ ይችላልና። እኛ እንደዚህ ያለውን ጭንቀት አንችለውም።

ጥቅምት ላይ የእነሱ ሞተር አዲስ ቤንዚን ቀምሶ በሁለተኛው ስበት ይነሳል። ድምፁን ሰምተን አጥር ለአጥር ብቅ እንላለን፤ «እትዬ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ያውሱን።» አይከለክሉም፣ ደግነቱስ አላቸው። እኛም ወጉን ጠብቀን በሳምንቱ እንመልስላቸዋለን፦ ጋኑ ባዶ፣ ፓምፑ በአሸዋ የተሞላ፣ ገመዱ በሲባጎ የተቀጠለ። አካፋቸውም እኛ ዘንድ ነው።