ማስተካከያ፦ የትምህርት ቤት አማካሪ ምስጢር ጠባቂነት ገደብ አለው
«ተማሪ ለአማካሪ የነገረው ነገር ምንም ይሁን ምን ከዚያ ክፍል አይወጣም» የሚል መረጃ ሰሞኑን ሲዘዋወር ነበር። ልክ አይደለም። ምስጢር መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ግን ተማሪው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ካሰበ፣ ወይም ጥቃት እየደረሰበት ከሆነ አማካሪው ዝም ማለት አይችልም። ይህንንም ልጁ ገና ማውራት ሳይጀምር፣ በሚገባው ቋንቋ ሊነግረው ይገባል። «አይዞህ፣ ለማንም አልናገርም» ብሎ ካስወራው በኋላ ስልክ አንስቶ ወላጅ ጋ መደወል ክህደት ነው፤ ያ ልጅ ሁለተኛ ለአዋቂ ልቡን አይከፍትም። መናገር ግድ ሲሆንም ለሚመለከተው ሰው፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ ከተቻለም ልጁ አስቀድሞ እያወቀ ነው። ከጓደኛ ጋር መኳረፍ፣ ፍቅር፣ የፈተና ጭንቀት ግን ርዕሰ መምህሩ ስለጠየቀ ብቻ አይነገሩም፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ወሬማ ጭራሽ አይሆኑም።