የሙሽራ ፀጉር ኦሪዮን ላይ

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ጀበና ቡና የምታፈላ አንዲት ልጅ ጋ ተቀምጠናል። አራት ነን፤ ፎቶ ቤት ያላቸው ጋሼ፣ አንዲት የፊዚክስ መምህርት፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እና እኔ። ስማቸውን ትቼ ክርክራቸውን ልንገራችሁ።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ መሃላችን አስቀመጠ። የኦሪዮን ኔቡላ ፎቶ ነው። ኦሪዮን ያው በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ የተጠራው፣ በአዳኝ የሚመሰለው የኮከቦች ስብስብ ነው። ቀበቶው ላይ ሦስት ኮከቦች ተደርድረዋል። ከእነሱ ዝቅ ብሎ፣ ሰይፉ በሚባለው ቦታ፣ ደብዘዝ ያለች ጭጋግ አለች። አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱባት የጋዝና የአቧራ ደመና ናት። ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 1,300 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በጥር ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ሐዋሳ ላይ ቀና ላለ ሰው ከአናቱ ብዙም አትርቅም።

ልጁ ያነሳት ሐይቁን ተሻግሮ፣ ዶሬ ባፋና በኩል፣ ዘመዶቹ ግቢ ነው። የከተማው መብራት እዚያ ይቀንሳል። ያገለገለ ካሜራ፣ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ እና ትራይፖድ አለው። ሰማዩን የሚከተል ሞተር የለውም።

«እሰይ! ጎበዝ የኔ ልጅ!» አለች መምህርቷ፣ ገና በደንብ ሳታየው።

ጋሼ መነጽራቸውን አጠለቁ። በሁለት ጣታቸው እያሰፉ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ስልኩን መልሰው አስቀመጡ።

«ይሄ ፎቶ አይደለም። ሥዕል ነው» አሉ። «ኦሪዮንን ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ። ሮዝና ሐምራዊ ሆኖ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።»

የልጁ ፊት ቅይር አለ። መምህርቷ ቀደመችው።

«ጋሼ፣ እሱ የዓይንዎ ችግር ነው፤ የሁላችንም ዓይን። በጨለማ የሚሠሩልን የዓይን ሕዋሶች ቀለም አይለዩም። ካሜራው ግን ብርሃኑን ያጠራቅማል። ቀዩ የሃይድሮጅን ብርሃን ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 656 ናኖ ሜትር። እንደውም ተራ ካሜራ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ ይህንን ቀይ አብዛኛውን ያስቀርበታል። ልጁ ቀለም ጨመረ ይላሉ፤ ካሜራው ቀንሶበታል እኮ!»

«እና ዓይኔ ያላየውን ልመን?»

«ይመኑ እንጂ! ይህችኑ ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶ ያስቀረው አሜሪካዊው ሄንሪ ድሬፐር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880። 51 ደቂቃ ነው ብርሃን ያጠራቀመው። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው አንድሩ ኮመን ባነሳው ፎቶ ላይ ደግሞ ሰው በቴሌስኮፕ አጮልቆ ያላያቸው ኮከቦች ወጡ። ያኔ ሰዉ ‹ዓይናችን አላያቸውም› ብሎ ፎቶውን ቢጥለው ጥሩ ነበር?»

ጋሼ ይህን ተቀበሉ። ሰውየው ሲረቱ አይደብቁም፤ ይህን እወድላቸዋለሁ። ግን ስልኩን እንደገና አነሱት።

«እሺ፣ ቀለሙን ተውኩት። ኮከቦቹስ? የጤፍ ፍሬ መሆን ሲገባቸው ገብስ ሆነዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተስበዋል። ስንት ሰከንድ ከፈትከው?»

«አራት ሰከንድ፣ ጋሼ። 300 ጊዜ አንስቼ ነው የደራረብኳቸው።»

አራት ሰከንድ በዛ። ምድር ስለምትዞር ሌንሱ ክፍት በቆየ ቁጥር ኮከቦቹ ይሳባሉ። ሞተር ለሌለው ሰው የሚነገረው ልማድ 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት፣ ማለትም ለዚያ 135 ሚሊ ሜትር፣ ማካፈል ነው፤ የሚወጣው ሰከንዱ ነው። የልጁ ካሜራ ሴንሰሩ አነስ ስለሚል ርዝመቱ መጀመሪያ በ1.5 ይባዛል። ሲሰላ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይመጣል፤ እሱም ለጥንቃቄ ሁለት ቢሆን ይሻላል። ኦሪዮን ደግሞ የሰማዩ ወገብ አጠገብ ስላለ ኮከቦቹ ፍሬም ውስጥ በጣም የሚሮጡት እዚያ ነው።

ጋሼ ቀጠሉ። ፎከሱ ትንሽ ስቷል። ጀርባው ጥላሸት ሆኗል፤ ሰማይ ደግሞ ጥላሸት አይደለም፤ ልጁ ጥቁሩን ሲጎትት ደብዛዛውን ጋዝ አብሮ ቀብሮታል። መሃሉ ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል። እዚያ መሃል ላይ ተጠጋግተው ያሉት አራቱ ኮከቦች የሉም።

መምህርቷ መረራት።

«ጋሼ፣ ሊያበረታቱት ነው ወይስ ሊሰብሩት? እዚህ ከተማ ስንት ልጅ ነው ሌሊቱን ብርድ ላይ ቆሞ ኔቡላ የሚያነሳው?»

«የሰርግሽን ፎቶ አደብዝዤ ባመጣልሽ ‹ጎበዝ› ትይኛለሽ?»

«ሰርግና ይሄ ይለያያል! እርስዎ ይከፈልዎታል። እሱ በፍቅር ነው።»

«በፍቅር ከሆነማ የበለጠ ሊነገረው ይገባል።»

እዚህ ጋ ጸጥታ ሆነ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ጋሼ ግን ስልኩን አልለቀቁም። ነጩ መሃል ዳር ዳር ያሉትን ቀጫጭን ክሮች ደጋግመው አሰፉ፣ አጠበቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጁን ጠየቁት።

«ይሄን ክር አውቀዋለሁ። ሙሽራ ፀጉር ላይ አይቼዋለሁ። ደብዛዛ ፎቶ በስልክ አፕ ሲያጠሩት እንዲህ ያለ ፀጉር ያበቅላል። አፕ ተጠቅመሃል?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «አዎ ጋሼ። መጨረሻ ላይ ‹አጥራ› የሚለውን ነካሁት።»

መምህርቷ ስልኩን ተቀበለቻቸው። አየችው። ምንም አላለችም።

«ያልተነካውን አሳየኝ» አሉ ጋሼ። ልጁ አንዷን ጥሬ ፎቶ ከፈተ። ግራጫ ሰማይ፣ የተሳቡ ኮከቦች፣ መሃል ላይ ከጥፍር የማትበልጥ ሮዝ መሳይ ጭጋግ። ጋሼ ሁለቱን እያቀያየሩ አዩና «ይቺን በአራት ሰከንድ ነው ያገኘሃት?» አሉት። እንደዚያ ተገርመው አይቻቸው አላውቅም።

እኔ የምለው ይህ ነው። መምህርቷ ስለ ቀለሙ ልክ ናት። 300 ፎቶ መደራረብም ማጭበርበር አይደለም። ያ አሸዋ የመሰለው ኖይዝ ከብርሃኑ አንጻር 17 ጊዜ ያህል የሚቀንሰው በዚያ ነው። ደብዛዛውን ማጉላትም እንደዚያው ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ሬዲዮን ከፍ እንደ ማድረግ ነው። ያ አፕ ግን ሬዲዮው ያላወራውን ጨምሮ ያወራል። ክሮቹ ከኦሪዮን አልመጡም። አፑ ከዚህ በፊት ካያቸው ሌሎች ፎቶዎች ነው ያመጣቸው። ለእኔ ድንበሩ እዚህ ጋ ነው፤ ጋሼም ድንበሩን ያገኙት በሰርግ ፎቶ ዓይናቸው ነው።

በሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1995 የተነሳው «የፍጥረት ዓምዶች» የተባለው የጋዝ ደመና ፎቶ ላይ ሃይድሮጅኑ አረንጓዴ ነው የተደረገው። በተፈጥሮው ቀይ ነው፤ ቀለሙ ግን የትኛው ጋዝ የት እንዳለ ለመለየት ተመርጧል። ፎቶውን ያዘጋጁት ሰዎች ይህንን አልደበቁም። ልጁም ከፎቶው ጋር «አራት ሰከንድ፣ 300 ጊዜ፣ በአፕ ጠርቷል» ብሎ ቢያሳየን የቀለሙ ክርክር ገና ከጅምሩ ባላስፈለገ ነበር። ጥሬዋን ፎቶ አብሮ ቢያሳይማ ይበልጥ ይከበር ነበር። ጋሼን ያስደነቀቻቸው እሷ ናት።

ጋሼ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው። ዓይናቸው ልክ ሆኖ ሳለ «ሥዕል ነው» ብለው መጀመራቸው። «ስንት ሰከንድ ከፈትከው?» የምትለዋ ጥያቄ መጀመሪያ ብትመጣ ልጁ ባልተሸማቀቀ ነበር። መምህርቷን ደግሞ በፍቅር እወቅሳታለሁ። ሳታየው ያለችው «ጎበዝ» ልጁን የትም አላደረሰውም። የቀለሙ ማብራሪያዋ ግን ጠቅሞታል፤ እኔንም ጠቅሞኛል።

ልጁ ደግሞ ይድገመው። ሁለት ሁለት ሰከንድ፣ 600 ጊዜ። ለመሃሉ ከሰከንድ በታች የሆኑ ጥቂት ፎቶዎች ለብቻ። ፎከሱን ደማቅ ኮከብ ላይ በእጁ አስተካክሎ። የሌንሱን ክዳን ገጥሞ ሃያ ያህል ጥቁር ፎቶ፣ የካሜራውን የራሱን እድፍ ለመቀነስ። በየጊዜው ሌንሱን በባትሪ እያየ፣ የሐይቁ ጤዛ እንዳያለብሰው። አፑን ይተወው። ጋሼ ድሮ በፊልም ዘመን ይሠሩበት የነበረ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ መደርደሪያ ላይ እንዳላቸው ነግረውታል። ከካሜራው ጋር ይገጥም እንደሆነ ሰኞ ሊሞክሩት ተቀጣጥረዋል። ኦሪዮን እስከ መጋቢት ምሽት ላይ ሰማይ ላይ ነው፤ ጨረቃ የሌለበትን ሌሊት መምረጥ ብቻ ነው የቀረው።