30 ሊትር አየር

ምን አለሽ ተራ የጠፋ ነገር አይጠፋም። ስፒከርም አለ። ከአሮጌ ቴፕ ወይ ከመኪና በር ተነቅሎ፣ ሸራ ላይ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ተኝቷል። ሻጩ የባትሪ ድንጋይ ያወጣና በሁለት ሽቦ ይነካካዋል። "ቷ!" ይላል። "ሰማህ? ኦርጅናል ነው!" ከዚህ በላይ ምርመራ የለም።

ጣጣው ቤት ሲደርስ ነው። ራቁቱን ስፒከር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሙዚቃ ሲከፍቱለት ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ የት እንደገባ እንጃ፣ ሲጢጥ ይላል። ቤዝ የሚባል የለም። ነገሩ ፊዚክስ ነው፤ እኔ ግን በሐሜት ባስረዳው ይቀለኛል። የስፒከሩ ወረቀት ወደፊት ሲገፋ የፊቱን አየር ያምቃል፣ በዚያው ቅጽበት የኋላውን ያሳሳል። ፊት ለፊት የተናገረውን ከጀርባ ይገለብጠዋል ማለት ነው። ቀጭኑን ድምፅ ብዙም አይጎዳውም። ወፍራሙ ግን ዞሮ ይመጣና ከፊተኛው ጋር ተጣፍቶ ይቀራል። ሣጥን የሚሠራለት ለዚህ ነው፤ የጀርባው ወሬ የፊቱን እንዳያበላሽ። ለሰውም ቢሠራ ኖሮ የስንቱ መሥሪያ ቤት ኮሪደር በኤምዲኤፍ ጣውላ በታሸገ!

የጎረቤቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከዩቲዩብ ተምሮ፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ አሸክሞ አናጢ ዘንድ ሄደ። ቺፑድ ይረክሳል ብንለው "ይንቀጠቀጣል" ብሎ እምቢ አለ። ሣጥኑ ራሱ ከዘፈነ ዘፋኙ ምን ሊሠራ ነው? ልክ ነው ልጁ።

አናጢው ሥዕሉን አየት አደረጉና "ኮሞዲኖ ነው?" አሉ።

"ስፒከር ነው ጋሼ።"

"በሩስ?"

"በር የለውም።"

"ታዲያ ውስጡ ምን ሊቀመጥ ነው?"

"አየር። 30 ሊትር።"

"አየርም በሊትር ሆነ እንዴ ልጄ?"

ሆኖም ሠሩለት። መጋጠሚያው ሁሉ በኮላ ተሞላ፣ በሞርሳ ታስሮ አደረ። ልጁ በማግሥቱ መጥቶ በየጠርዙ እጁን እየሰደደ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ፈለገ። የለም። ደስ አለውና ከቦርሳው የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ አወጣ።

"አሁን ለዚህች ቀዳዳ ይብሱልኝ።"

አናጢው መጋዛቸውን አስቀመጡ። "ትናንት አየር እንዳይወጣ ድፈኑ አልክ። ዛሬ አየር እንዲወጣ ብሱ ትላለህ። ቤተሰብ ያውቃል?"

በአናጢው አልፈርድም። አልበርት ቱራስ የሚባል የቤል ላብራቶሪ ሰው ይህንኑ ቀዳዳ ይዞ በ1930 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ቢጠይቅ የተሰጠው በ1932 ነው። እዚያም ቢሮ "ቀዳዳው ምን ሊያደርግ ነው?" ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። መልሱ እንዲህ ነው። ሣጥኑና ቱቦው ከተመጣጠኑ የጀርባው ድምፅ እዚያው ውስጥ ይገለበጥና በቱቦው ሲወጣ ከፊተኛው ጋር ተስማምቶ ይወጣል። ልጁ ይህን ሲያስረዳ አናጢው ፊታቸው በራ።

"ሽማግሌ ነዋ! እንዲህ አትልም?" ብለው በሱት።

በሱት እንጂ እጃቸው ግን አላረፈም። አራት እግር ጨመሩበት፣ አበባ ቀረጹበት፣ ቨርኒሽ ቀቡት። እቤት ሲገባ እናት ወዲያው ዳንቴል አለበሱት። በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው ተከተለ። ሙዚቃ በተከፈተ ቁጥር ማስቀመጫው እየተንሸራተተ ወደ ጫፍ ይሄዳል፤ እናት እየመለሱ ያስቀምጡታል። ድምፅ ቀንሱ ያለ የለም። ጥፋቱ የማስቀመጫው ነው።

የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ግን ዝም አላለም። 50 ኸርዝ ላይ ያለ የቤዝ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። የእነሱ ሳሎን 4 ሜትር ቢሞላ ነው። የተረፈው የት ይደር? ከላይኛው ፎቅ የረከቦቱ ሲኒዎች እርስ በርስ መንሾካሾክ ጀመሩ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ተሰብስቦ "ሌላውን የሚረብሽ ድምፅ በጥብቅ የተከለከለ ነው" የሚል ማስታወቂያ ደረጃው ሥር ለጠፈ። ማኅተም አለው።

ብዙም ሳይቆይ የኮሚቴው ሰብሳቢ በሩን አንኳኩ። ልጁ ሊወቀስ መስሎት ሪሞቱን ደበቀ።

"ልጄ፣ እሁድ የልጃችን ምርቃት ነው። ያንን ሞንታርቦህን ብታውሰን? ቤዙ ደስ ይላል፤ ቤታችን ድረስ እየመጣ እናውቀዋለን።"

እሁድ እስከ እኩለ ሌሊት ሲደለቅ አመሸ። ሰኞ ሣጥኑ በአራት ጎረምሳ ሸክም ተመለሰ። ልጁ ቢከፍተው አዲስ እንግዳ ውስጡ ይንኮሻኮሻል። በቱቦው በኩል ገልብጦ ሲያራግፈው ፈንዲሻ፣ የለስላሳ ቆርኪና አንድ የወርቅ ጆሮ ጌጥ ዱብ ዱብ አለ። ኮሚቴው "የጆሮ ጌጥ የጠፋባችሁ" ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ቦታ ስለጠበበ የለጠፈው ስለ ድምፅ የሚከለክለው ላይ ደርቦ ነው። ማኅተሙ ብቻ ይታያል።