ሀንክ አሮን በአንድ መስመር አይታለፍም

ስለ አሜሪካ ቤዝቦል ክብረ ወሰኖች ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል። ግን የሆም ረን (ኳሷን ከአጥሩ ማዶ የሚሰድ ምት) ክብረ ወሰኖችን ሲዘረዝር «ባሪ ቦንድስ 762፣ ሀንክ አሮን 755» ብሎ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል።

አሮን የ1973ን (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን በድምሩ በ713 ሆም ረን ጨረሰ። የቀድሞው ኮከብ የቤብ ሩት ክብረ ወሰን 714 ነበር። እስከ ቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ድረስ «ጥቁር ሆነህ ሩትን ብታልፍ እንገድልሃለን» የሚሉ ደብዳቤዎች ይጎርፉለት ነበር። ያለ ጠባቂ መንቀሳቀስ አቃተው። ሰውዬው ግን መጫወቱን አላቆመም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1974፣ አትላንታ። የተጋጣሚው ቡድን ወርዋሪ አል ዳውኒንግ የወረወራትን ኳስ አሮን በግራ በኩል ከአጥሩ ማዶ ሰደዳት። 715! ቤዞቹን (መቺው ነጥብ ለማስቆጠር የሚዞርባቸውን አራት ማዕዘኖች) እየዞረ ሳለ ሁለት ወጣቶች ከተመልካቹ መሃል ዘለው ገብተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ቪዲዮውን ባየሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ያን ሁሉ ዛቻ አስቡት። ልጆቹ ግን ደስታ ነው ያስሮጣቸው። ከዚያ እናቱ መጥተው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። እዚህ ላይ እንባዬ ይመጣል።

ደግሞ በአንድ የውድድር ዘመን ከ47 ሆም ረን በላይ መትቶ አያውቅም። 755 የደረሰው 23 ዓመት ሙሉ ሳይታክት ተጫውቶ ነው። በምቱ ያስገባቸው ነጥቦች ብዛት፣ 2,297፣ እስካሁን የሚደርስበት አልተገኘም። ይቺን ብትጨምሩልን ደስ ይለኛል።