«አይቆጠርም» ብሎ ነገር

ዲዝኒ ከዶክተር ሁ ጋር የነበረውን ሽርክና ማቆሙን ቢቢሲ በጥቅምት 2025 ሲያሳውቅ ብዙም አልደነገጥኩም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ አትቀየሙኝ።) ለማያውቀው፦ ዶክተር ሁ በጊዜና በጠፈር ስለሚጓዝ «ዶክተሩ» ስለሚባል ሰው የሚተርክ የቢቢሲ ሳይንስ ፊክሽን ድራማ ነው፤ ዶክተሩ ሊሞት ሲል መልኩ ይለወጥና ሌላ ተዋናይ ይቀጥላል። ለ2026 ገና ራስል ቲ ዴቪስ የሚጽፈው አንድ ልዩ ክፍል እንደሚኖር አብሮ ተነገረን። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭጋግ ነበር። ይሁን። ይህ ድራማ መንገድ ላይ ሲቀር የመጀመሪያው አይደለም።

ያበገነኝ ሌላ ነው። ተከታታዩን ከእኔ እኩል የሚወድ አንድ ጓደኛ አለኝ። ቡና እየጠጣን ይህንኑ ስናነሳ፣ «እስከዚያ ቢግ ፊኒሽ የሚባለው ኩባንያ የሚያወጣቸውን የዶክተር ሁ የድምፅ ድራማዎች አትሰማም?» አልኩት። ሳቀብኝ። «እሱማ አይቆጠርም» አለ። ቀጠለናም፣ «ሳይንስ ፊክሽን ያለ ምስል ምን ሊሆን ነው? ከቴሌቪዥን የተገፉ ተዋንያን መጦሪያ ነው እኮ» አለኝ።

እሱ ብቻ ቢለው ቡናዬን ጠጥቼ ዝም እል ነበር። ግን ይህ ነገር የእሱ ብቻ አይደለም። ስለ ሳይንስ ፊክሽን ሲወራ በሰማሁበት ሁሉ አለ። ቴሌቪዥኑ እንጀራ፣ ድምፁ ፍርፋሪ። እሺ፣ እንነጋገር።

ከምስሉ ልጀምር። ከሁሉ ደካማው ክርክር እሱ ስለሆነ ደስ እያለኝ ነው የምጀምረው።

የቱን ምስል ነው የምትሉት? ዶክተር ሁ በ1963 ሲጀመር በጠባብ ስቱዲዮ፣ በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ነገር ነበር። ዳሌክን አስቡት። ስሙ ዓለምን ያዳረሰ ጭራቅ ነው። እጁ ምንድን ነው? የተዘጋ የዕቃ ማጠቢያ የምንከፍትበት ጎማ! የእንግሊዝ ልጆች ሶፋ ጀርባ የተደበቁት ጎማ ፈርተው ነው? ድምፁን ፈርተው ነው። በመሣሪያ ተሰባብሮ የሚወጣው ያ ጩኸት ነው ያስደበቃቸው። የዶክተሩ መንኮራኩር ታርዲስስ? ስትታይ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ናት፤ በቃ። ስትነሳ የምታሰማውን ያንን የማቃሰት ድምፅ ግን የሰማ አይረሳውም። የሠራው ብራያን ሆጅሰን ነው። የአሮጌ ፒያኖ ክር ላይ ቁልፍ ፈግፍጎ ነው የሠራው። የመግቢያ ሙዚቃውንም ዴሊያ ደርቢሻየር የቴፕ ቁራጭ ከቴፕ ቁራጭ እየቀጠለች ነው ያወጣችው። እንግዲህ ከተወለደ ጀምሮ በጆሮ የቆመ ድራማ ነው «ያለ ምስል አይሆንም» የሚባለው።

ቢቢሲ ራሱ እኮ ለምስሉ አልሳሳም። በስልሳዎቹ ከተሠሩት ወደ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች ምስላቸው የለም። ቴፑ ውድ ስለነበር አጥፍተው ሌላ ቀረጹበት። የፊልም ቅጂውንም ጣሉት። በ2013 ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች ናይጄሪያ ውስጥ ተገኝተው ስንቱ እንደጨፈረ ታስታውሳላችሁ። ድምፁስ? የአንዱም ክፍል ድምፅ አልጠፋም። ማይካቸውን ቴሌቪዥኑ ፊት ደቅነው፣ የቤቱን ሰው «እሽ! ዝም በሉ!» እያሉ የቀዱ ልጆች ነበሩ። ትልቁ ድርጅት የጣለውን ምስል የተካው የእነዚያ ልጆች ድምፅ ነው። ከዚህ በኋላ የትኛው «እንደሚቆጠር» እናንተው ፍረዱ።

አሁን ወደ «መጦሪያው» እንምጣ።

በቴሌቪዥን ዶክተሩን ከተጫወቱት ልጥራ። ዴቪድ ቴናንት በ2016 ዶክተሩን ሆኖ ለቢግ ፊኒሽ መሥራት ሲጀምር የሚጦረው ሰው የሚፈልግ ተዋናይ ነበር? ክሪስቶፈር ኤክልስተን በ2005 አንድ ሲዝን ሠርቶ ጥሎ ሄደ። በ2013 ለሃምሳኛ ዓመቱ በዓል እንኳ አልተመለሰም። የተመለሰው በ2021 ነው፤ ለማይክ። ቶም ቤከርም በ1981 ከወጣ በኋላ ስንት ዓመት ተለምኖ ለቢግ ፊኒሽ ማይክ እሺ አለ፤ ሥራው በ2012 ወጣ። ጆዲ ዊተከርም በ2025 መጣች። ለካሜራ እምቢ ያለ ሰው ለማይክ እሺ ካለ፣ ማይኩ ጋ አንድ ያየው ነገር አለ ማለት ነው።

ግን እነዚህን ሁሉ ተዉአቸው። ኮሊን ቤከርን ውሰዱ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያንገበግበኛል።

በ1984 ስድስተኛው ዶክተር ሆኖ ገባ። ምን አለበሱት? ኮት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ጨርቅ በየፊናው የሚጮህበት ኮት። እሱ ጥቁር ነገር ነበር የፈለገው። ማን ሰምቶት! በመጀመሪያ ታሪኩ ላይ ደግሞ የራሱን የጉዞ ጓደኛ አንገቷን እንዲያንቅ ጻፉለት። ተመልካቹ ገና ሳያውቀው ጠላው። በ1985 ተከታታዩ ለወራት እንዲቆም ተወሰነ። በዚያ ክፍተት ዶክተሩን ከነጭራሹ ከመጥፋት ያተረፈው ማን ነው? ሬዲዮ ነው። ስሊፕባክ የተባለች አጭር ድራማ በቢቢሲ ሬዲዮ 4 ተሠራች፤ ቤከር ራሱ ተጫወተባት። ከዚያ ተከታታዩ ተመለሰ፤ በ1986 ሰውየውን አባረሩት።

ጽሑፉን ሌላ ሰው ጻፈ፤ ኮቱን ሌላ ሰው መረጠ፤ የተባረረው እሱ።

ስንብቱም ወግ አልነበረውም። አንዱ ዶክተር ወደ ሌላው ሲለወጥ ትልቅ ትዕይንት ነው፤ ሰው ያለቅስበታል። ቤከርን ለአንድ የመሰናበቻ ታሪክ ብቻ ና ሲሉት እምቢ አለ። እኔም ብሆን አልሄድም። ስለዚህ በ1987 ተተኪው ሲልቬስተር ማኮይ የቤከርን ኮት ለብሶ፣ ከርዳዳ ዊግ አጥልቆ መሬት ላይ ተዘረረ። ስድስተኛው ዶክተር የሞተው እንዲህ ነው፤ በሌላ ሰው ገላ፣ በዊግ። ያ ነው እንግዲህ «የሚቆጠረው»።

በ1999 ቢግ ፊኒሽ የዶክተር ሁ ፈቃድ አግኝቶ የመጀመሪያውን ሲዲ ሲያወጣ ሦስት የቀድሞ ዶክተሮች ማይክ ፊት ቆሙ፦ ፒተር ዴቪሰን፣ ቤከርና ማኮይ። ታዲያ ኮቱስ? ኮቱ የለማ! ማይክ ኮት አያይም። የቀረው ሰውየውና ጉሮሮው ነው። ያኔ ነው ቤከር ምን ዓይነት ተዋናይ እንደሆነ የታየው፤ ወይም የተሰማው። ትዕቢቱ አለ፣ ቁጣው አለ፤ ከሥሩ ግን የሚራራ ሰው አለ። ቴሌቪዥኑ ለዚያ ሰው ቦታ አልሰጠውም ነበር።

በ2000 ደግሞ ኤቭሊን ስማይዝ የምትባል የጉዞ ጓደኛ ሰጡት። ማጊ ስቴብልስ ነበረች የምትጫወታት። ኤቭሊን ሃምሳ አምስት ዓመት የሆናት የታሪክ መምህርት ናት። ካካዋን ትወዳለች፣ ዶክተሩን ፊት ለፊት ትገስጸዋለች፣ አትፈራውም። በሰማንያዎቹ ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያለች ሴት የጉዞ ጓደኛ ትሆን ነበር? ወጣት ቆንጆ ካልሆነች ማን ያያታል ይሉ ነበር። ጆሮ ግን ዕድሜ አይጠይቅም። እነዚህ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ የሰማ ሰው «ስድስተኛው ዶክተር አይረባም» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

የስንብት ታሪኩንስ አገኘ? አዎ፣ በ2015። ከዊጉ 28 ዓመት በኋላ። ቤከር በገዛ ድምፁ ተሰናበተ። ሳዳምጠው አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምን ሆንክ ልጄ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ዶክተሩ ሞተ ልበላቸው?

ይህ ሁሉ አይቆጠርም፤ ዊጉ ይቆጠራል። እሺ።

ደግሞ እኮ ቴሌቪዥኑ ራሱ ከድምፁ ነው የቀዳው። ጁብሊ የሚባል የ2003 የድምፅ ድራማ አለ፤ ሮበርት ሺርማን ነው የጻፈው፤ ዶክተሩም ያው ቤከር ነው። አንድ ዳሌክ ለንደን ግንብ ውስጥ ታስሮ ይሠቃያል። ተከታታዩ በ2005 ወደ ቴሌቪዥን ሲመለስ ዳሌክን እንደገና የሚያስፈራ ማድረግ ነበረባቸው። ማንን ጠሩ? ሺርማንን። ያንኑ ብቻውን የታሰረ ዳሌክ ከመሬት በታች ያለ ሙዚየም ውስጥ አስገብቶ ጻፈላቸው። የዚያን ዳሌክ ድምፅ ማን ሰጠ? ኒኮላስ ብሪግስ። ከየት መጣ? ከቢግ ፊኒሽ። ጸሐፊው ከዚያ፣ ድምፁ ከዚያ፣ ሐሳቡ ከዚያ። የድምፁ ሰዎች ባይኖሩ አዲሱ ዶክተር ሁ ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም፤ ጎማውን ይዞ ይሆናል።

ፖል ማክጋንም አለ። በ1996 ዶክተሩን ሆኖ አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ሠራ፣ አለቀ። ከ2001 ጀምሮ ግን በድምፅ ዶክተሩን ሆኖ ኖረበት። በኅዳር 2013 ለጥቂት ደቂቃ በምስል ተመለሰ። ሊሞት ሲል የጓደኞቹን ስም ጠራ፦ ቻርሊ፣ ክሪዝ፣ ሉሲ፣ ታምሲን፣ ሞሊ። አምስቱም በቴሌቪዥን ታይተው አያውቁም። ሁሉም የድምፅ ድራማ ሰዎች ናቸው። ቢቢሲ ራሱ በይፋ ቆጥሯቸዋል፤ ጓደኛዬ ግን አልቆጠረም።

አሁንም «ምስል ከሌለ» ለሚል አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ያው ሺርማን በ2003 የጻፈው ስኬርትሶ አለ። ሁለት ተዋንያን ብቻ። ምንም በማይታይበት ነጭ ባዶ ውስጥ ይሄዳሉ። አብሯቸው ያለው ፍጥረት የተሠራው ከድምፅ ነው። በሉ፣ ይህንን በካሜራ ቅረጹልኝ።

ነገሩ የእንግሊዞች ብቻም አይደለም። የአሜሪካኖቹ ስታር ትሬክ በመስከረም 2025 ካን ስለሚባለው ታዋቂ ባላንጣ ዘጠኝ ክፍል የድምፅ ድራማ አወጣ፤ በነጻ ነው። ካን በ1967ቱ ክፍልና በ1982ቱ ፊልም መካከል በተተወባት ፕላኔት ላይ ምን እንደደረሰበት የሚተርክ ነው። መጀመሪያ ለቴሌቪዥን ነበር የታሰበው። «ገንዘብ ሲያጥር ወደ ድምፅ ወረደ» የሚል አይጠፋም። ለእኔ ወጣ እንጂ አልወረደም። ያኔ ካንን የተጫወተው ሪካርዶ ሞንታልባን አርፏል። ሌላ ፊት በስክሪን ብታመጡልኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ «እሱን አይመስልም» እያልኩ እቀመጥ ነበር። የአሁኑን የካን ድምፅ፣ ናቪን አንድሩስን፣ በጆሮዬ ስሰማው ግን ካንን የሣልኩት እኔ ነኝ።

ይህ ለእኛ እንዴት እንግዳ ይሆናል? ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማ ሰው በዛብህንም ሰብለወንጌልንም በዓይኑ አይቷቸዋል። በቅርቡ በቴሌቪዥን ሲመጣ እኔ ራሴ «የእኔዋ ሰብለ ይህች አይደለችም» ብዬ ተነጫንጫለሁ። ተዋናይቷ ምን አጠፋች? ምንም። ወጋየሁ ቀድሟት ነው እንጂ።

የድምፅ ድራማዎቹ ጥፋት የላቸውም አልልም። አንዳንዱ ጸሐፊ ለጆሮ መጻፍ አያውቅም። «ተመልከት! በግራ በኩል ባለው በር አንድ ትልቅ ሰማያዊ ጭራቅ እየመጣብን ነው!» የሚያስብል አለ። የሚበላህ ጭራቅ መጥቶ ቀለሙን ትናገራለህ? ዋጋቸውም ይጎዳል። ብዛታቸውም ያደክማል፤ የቢግ ፊኒሽ ወርሃዊ የዶክተር ሁ ተከታታይ ብቻ በ2021 ሲያበቃ 275 ደርሶ ነበር። ከዚህ በላይ ግን አታስለፍልፉኝ።

ለጓደኛዬ ጁብሊን ልኬለታለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ «ጊዜ አጣሁ» ይላል። ለገናው ክፍል እኔ ቤት እንድናይ ተቀጣጥረናል። ዳሌክ ከመጣ ሪሞቱ እኔ ጋ ነው፤ ድምፁን አጥፍቼ ያንን ጎማውን እንዲያይ አደርገዋለሁ።