ሰባት ቤት የተቆጠረለት ላፕቶፕ

ላፕቶፔን የወረስኩት ከታላቅ እህቴ ነው። እሷ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ አግብታ ሁለት ወልዳለች። ላፕቶፑ ግን አሁንም ተማሪ ነው።

ጠዋት እከፍተዋለሁ። ፊቴን ታጥቤ፣ ሻይ አፍልቼ፣ ሻዩን ጠጥቼ ስመለስ ገና ነጫጭ ነጠብጣቦቹን እያሽከረከረ ይጠብቀኛል። ፋኑ ሲነሳ የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ሥራ የጀመረ ይመስላል። ማጠፊያው ስለተሰበረ ስክሪኑ ከኋላ በሁለት ወፋፍራም መጽሐፎች ተደግፏል። (መጽሐፎቹ እስካሁን የሰጡኝ ጥቅም ይኸው ነው።) ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። የኤስ ቁልፍም ወልቃ ጠፍታለች። አንድ ቀን ለአድቫይዘሬ "ሰላም" ብዬ የጻፍኩት "ላም" ሆኖ ደርሷቸዋል። መልስ አልሰጡኝም።

ልቀይረው ወይስ ልታገሰው የሚለው ጥያቄ ቤት የገባው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ላፕቶፔን የሚያስኬደው የዊንዶውስ 10 ፕሮግራም መደበኛ ድጋፍ ያበቃው የዚያን ዕለት ነበር። ወደ 11 እንዳልሻገር የኔ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ የኢንቴል ስድስተኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል የሚፈልገው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ይህን ለአባቴ አስረዳሁ። አባቴ ጋዜጣውን አጠፈ።

"ሰባት ቤት መቁጠር ለጋብቻ ነው እንጂ ለኮምፒውተር ሰምቼ አላውቅም" አለ።

እናቴ ሌላ መከራከሪያ ነበራት። "እህትህ በሱ ተምራ አይደል እንዴ የተመረቀችው?" ለሷ ላፕቶፑ ዕቃ ሳይሆን ባለውለታ ነው። ዳንቴል አልብሳዋለች። አንድ ጓደኛዬ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቀለል ብሎ ስለሚሠራ በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ የሚባለውን ፕሮግራም ጫንበት ብሎ መከረኝ። እናቴን ሊነክስ ልጭንበት ነው ስላት ደነገጠች።

"ማንን?"

ሜሪላንድ ያለው አጎቴ ነገሩን ሰምቶ "ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ" አለ። ሰው ይመጣል። እንዲያውም በየበዓሉ ይመጣል። ግን ሻንጣው ኪሎ አለው፤ ላፕቶፕ ደግሞ ከቫይታሚንና ከጫማ ጋር ተወዳድሮ አሸንፎ አያውቅም። የክፍሌ ልጅ "ዶላር እስኪወርድ ታገስ" ይለኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲሻገር አብረን ነበርን። ያኔም ታገስ ብሎኛል።

ብቻ ዋጋ መጠየቅ ወንጀል አይደለም ብዬ መገናኛ ሄድኩ። ሻጩ አንዷን ላፕቶፕ በመዳፉ እየደባበሰ "ስላይትሊ ዩዝድ ናት። ከአሜሪካ የመጣች። የአንዲት ሴት ነበረች" አለኝ። መኪና የሚሸጥልኝ መስሎኝ ጎማዋን ልጠይቅ ምንም አልቀረኝም።

"የመጨረሻ ስንት?"

"ላንተ ነው፣ 45 ሺህ።"

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ አሰላሁ። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ ገንዘብ ከ22 ብር ተነስቶ 100 ብር ገብቷል። ስለዚህ 450 ቀን ካልበላሁ ላፕቶፑ የኔ ነው። ሁዳዴ እንኳን 55 ቀን ነው፤ እሱም ማታ ማታ ይበላበታል።

መጨረሻ ላይ ቴክኒሺያን ዘንድ ወሰድኩት። ከፍቶ አየው። "የሚጎትትህ ሃርድ ዲስኩ ነው" አለኝ። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ አንድ ፋይል ለማግኘት ያንን ሳህን ሲዞር ይውላል። በምትኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ማከማቻ ቢገባለት የሚሽከረከር ነገር የለውም። ራሙን፣ ማለትም የሥራ ማህደረ ትውስታውን፣ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ካሳደግነው ደግሞ ገና ብዙ ያገለግልሃል አለ። የጠራው ዋጋ ከመገናኛው ሩቡን አይሞላም።

"ባትሪውንስ?"

"እሱን ተወው።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ግን አላለኝም። ምክንያቱን ለቤተሰቡ ጉባኤ አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር ይህ ላፕቶፕ በደንብ የሚያገለግለኝ ሲበላሽ ነው። በየሴሚስተሩ አያትን መግደል ድሮ ቀርቷል፤ አሁን የሚሞተው ሃርድ ዲስክ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ ስድስት ወር ሙሉ "ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ" በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ኖሯል። አድቫይዘሬም "አይዞህ" ነበር የሚሉኝ። ላፕቶፑ ከተፈወሰ የምታመመው እኔ ነኝ።

ተፈወሰ። ሊነክስም ገባ። ማታ ቤት አምጥቼ ሰካሁትና እንደ ልማዴ ሻይ ልጥድ ተነሳሁ። ክብሪቱን ሳልጭር ተከፍቶ ጠበቀኝ። ወፍጮ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ተመልሼ ተቀመጥኩ። "ምዕራፍ ሦስት" ይላል፤ ከሥሩ ነጭ ነው። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። የምወቅሰው ፈለግሁ፣ ከራሴ በቀር ሰው የለም።

መብራት ሄደ።

እናቴ ከጓዳ "ኧረ ሻማው የት ነው?" ትላለች። እኔ ጨለማው ውስጥ "ተመስገን" እላለሁ።